የባሌ ተራሮችና የሠራተኛው ዕረፍት

ሠራተኛ የሚያርፈው ከሥራ ለመሸሽ ሳይሆን ጉልበቱንና አእምሮውን አድሶ ወደ ሥራው ለመመለስ ነው። የዓመት ዕረፍትም ከማንም በጎ ፈቃድ የተቸረው ስጦታ ሳይሆን በላቡ ያገኘው መብት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያም በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሁለት ዓመት አንድ የሥራ ቀን እየታከለ፣ ሠራተኛው ከነደመወዙ እንዲያርፍ ደንግጓል። ሠራተኛው ራሱ «መብቴን ትቻለሁ» ብሎ ቢስማማ እንኳ ስምምነቱ ዋጋ እንደሌለው፣ አዋጁ ከፈቀደው ሁኔታ በስተቀርም በዕረፍት ፈንታ ገንዘብ መክፈል ክልክል መሆኑን ይኸው ሕግ አረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ላይ መስፈሩና በኑሮ ላይ መዋሉ አንድ አይደለም። ዕረፍቱን በገንዘብ ለመለወጥ ደጅ የሚጠና ሠራተኛ ጥቂት አይደለም። ዕረፍት የወጣውም ቢሆን ቀኖቹን ጉዳይ ሲያስፈጽም፣ ቤት ሲያድስ፣ ወይም በተጨማሪ ሥራ ሲባዝን ጨርሶ ከወጣበት ይልቅ ደክሞ ይመለሳል። ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰውን ሰው በዚህ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሊወቀስ የሚገባው ግን በብዙዎቻችን ኅሊና ውስጥ የተቀበረው አንድ የተሳሳተ አስተሳሰብ ነው። ይኸውም ተራራ መውጣት፣ ደን መጎብኘት፣ አራዊት ማየት ካሜራ ያንጠለጠለ የውጭ አገር ሰው ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም የሚለው ነው። አገሩን ሳያይ የሚያረጅ ሕዝብ የሀብቱ ባለቤት ነው ቢባል ባለቤትነቱ ከስም አያልፍም።

ለዚህ አባባል የባሌ ተራሮች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጉዞ ያደረገ ሰው የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ከሚገኝባት ከዲንሾ ይደርሳል። እዚያም በጽድና በኮሶ ዛፎች ጥላ ሥር በእግሩ ሲዘዋወር፣ ከኢትዮጵያ በስተቀር በየትም አገር የማይገኘውን የደጋ አጋዘን በቅርብ ርቀት ያየዋል። ጥቁሩ የምኒልክ ድኩላና ከርከሮም በዚያው ይውላሉ። ለዚህ ዓይነቱ ጉብኝት የሚያስፈልገው ጤነኛ እግርና የግማሽ ቀን ጊዜ ነው።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ መንገደኛውን 4000 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ወደ ሳነቴ አምባ ያወጣዋል። ጅብራ እንደ ዘበኛ ተራርቆ በቆመበት በዚያ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ ስታድን ትታያለች። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 የማይበልጥ ሲሆን፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በእነዚሁ ተራሮች ላይ ነው። በአምባው ላይ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይገኛል፤ ትርጉሙ በኦሮምኛ «ቀዩ ተራራ» ማለት ነው። ከዚያም መንገዱ በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ቁልቁል ወርዶ ከሐረና ደን ይገባል። በአንድ ቀን ውስጥ ከውርጭ ወጥቶ የጫካ ቡና ከሚበቅልበት፣ ቀፎ በዛፍ ላይ ከሚሰቀልበት፣ የባሌ ጦጣ የቀርከሃ ቅጠል ከሚመገብበት ምድር መድረስ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሊጤን የሚገባው ጉዳይ አለ። በዚሁ ተራራ ላይ፣ ከ3400 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ስፍራ፣ ፊንጫ ሐበራ የተባለ የዋሻ መጠለያ ይገኛል። በ2011 ዓ.ም. የታተመ የአርኪዮሎጂ ጥናት እንዳረጋገጠው ከ47000 እስከ 31000 ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች በዚህ መጠለያ ኖረዋል። ፍልፈል እየጠበሱ በልተዋል፤ ከዚያም ከፍ ካለው ስፍራ ባልጩት እያመጡ መሣሪያ ሠርተዋል። በደጋ ላይ ስለኖረ ሰው ከሚታወቁት ማስረጃዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ስለዚህ ተራራው የአራዊት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን የሥራ ሰው ታሪክም ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው ይህን ቢያሳዩ በክፍል ውስጥ ከሚነገር ብዙ ቃል የበለጠ በአእምሯቸው እንደሚቀረጽ አያጠራጥርም።

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ከእኛው ባህል ውስጥ ይገኛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ለለቅሶ ዕድር፣ ለቁም ነገር ዕቁብ ያቋቋመ ሕዝብ፣ ለዕረፍትም በየወሩ ጥቂት በጥቂት ማጠራቀም አይሳነውም። የሠራተኛ ማኅበር ወይም የሠፈር ነዋሪዎች ማኅበር አንድ አውቶቡስ በጋራ ቢከራይ፣ ስንቅ በጋራ ቢያዝ፣ ድንኳንና ብርድ ልብስ ከየቤቱ ቢሰበሰብ፣ ለብቻ ሲታሰብ የሚያስፈራው ወጪ ለሁሉም የሚቻል ይሆናል። የማኅበራት መሪዎችም ይህን ከዋና ተግባራቸው እንደ አንዱ ሊቆጥሩት ይገባል እንጂ ለመዝናኛ ብቻ የተተወ ትርፍ ነገር አድርገው ሊያዩት አይገባም።

ጉዳዩ ከመዝናናት ያለፈ መሆኑን የሚያስረዳ ሌላም ምክንያት አለ። ከባሌና ከአጎራባች ተራሮች የሚነሱት ዋቢ ሸበሌ፣ ዌብና ገናሌ በቆላው ምድር ለሚኖረው ሕዝብና ለከብቱ የሕይወት ምንጭ ናቸው። በዋቢ ሸበሌ ላይ የመልካ ዋከና፣ በገናሌ ላይ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው 254 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የገናሌ ዳዋ 3 የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተገንብተዋል። ሠራተኛው በፋብሪካ ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው መኪና፣ ቤተሰቡ በማታ የሚያበራው መብራት፣ ይብዛም ይነስም ከዚያ ደጋ ከሚወርደው ውኃ ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ተራራ ግን ከአደጋ ነጻ አይደለም። ሰደድ እሳት፣ ከመጠን ያለፈ ግጦሽና እየተስፋፋ የሚሄድ ሰፈራ እያመነመኑት ነው። ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል። ለዚህ ሁሉ ጥፋት ከብቱን የሚያሰማራበት ሌላ ስፍራ ያጣውን የአካባቢውን አርብቶ አደር ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ሐቁን መሸፋፈን ይሆናል። ሣሩን ከመጨረስ የተሻለ ገቢ ካገኘ ተራራውን ከማንም በፊት የሚጠብቀው እሱ ነው። መንገድ ለሚመራው፣ ፈረስ ለሚያከራየው፣ ማርና ቡና ለሚሸጠው ሰው የምንከፍለው ተገቢ ዋጋ በጠረጴዛ ዙሪያ ከሚደረግ ብዙ ስብሰባ የበለጠ ተራራውን ይጠብቃል። በአንጻሩ በዋጋ እየተከራከርን የድካሙን የምንነፍገው ከሆነ፣ በሥራ ቦታችን የምንቃወመውን በደል በእሱ ላይ ፈጸምን ማለት ነው።

ለጉዞው የሚመረጠው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። ሌሊቱ ውርጭ ስለሚሆን ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ ማሳለፍና ወደ ሳነቴ ቀስ ብሎ መውጣት፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ለበረታበትም ሰው ፈጥኖ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ ተገቢ ነው። ውሻ ይዞ መሄድ፣ ለአራዊት ምግብ መወርወር፣ እሳት ሳያጠፉ መነሳት ጥፋት መሆኑን እያንዳንዱ ተጓዥ ማወቅ አለበት። ከመነሳት አስቀድሞም የመንገዱን ሰላም ከሚመለከታቸው ክፍሎች ማጣራት ጥንቃቄ እንጂ ፍርሃት አይደለም።

እንግዲህ የዓመቱ ዕረፍት ሲቃረብ በየማኅበሩ ሊነሳ የሚገባው ጥያቄ «ዕረፍታችንን በስንት እንለውጠው?» የሚለው ሳይሆን «ዘንድሮ የትኛውን የአገራችንን ክፍል እንወቅ?» የሚለው ነው። ዕረፍት ሸቀጥ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ከተሸጠ ተመልሶ አይገዛም። ተራራውም እንደዚሁ ነው። ያላየነውን አናውቀውም፤ ያላወቅነውን አንጠብቀውም፤ ያልጠበቅነውንም ለልጆቻችን አናወርሰውም።