ለታመመ ሰው የሚሰጥ ቀጠሮ
በብሪታንያ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለውን የመንግሥት ድጎማ የሚያገኝ ሰው፣ ሐኪሙ «ለሥራ ብቁ አይደለም» ብሎ ቢጽፍለትም ጆብ ሴንተር ከተባለው የሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት ቀጠሮ በዚህ ብቻ ነፃ አይወጣም። ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ድጎማው ሊቀነስበት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 14 የሕመም ቀናት ሥራ የመፈለግ ግዴታው ይነሳለታል፤ ከዚያ በኋላ ግን የመሥራት አቅሙ በይፋ እስኪመረመር ድረስ ግዴታው መነሳት አለመነሳቱ በመሥሪያ ቤቱ የሥራ አማካሪ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። እጅግ የሚያሳስበን ይህ የመካከል ጊዜ ነው፤ ሕክምና የሚሻው ሰው ገቢዬ ይቋረጥ ይሆን እያለ የሚጨነቅበት።

ቀጠሮው ከተተወ ታማሚው ይረሳል፣ የሕዝብ ገንዘብም ያለ ቁጥጥር ይወጣል የሚሉ አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም በስልክም መገናኘት ይቻላል፤ ይህንን የመጠየቁ ሸክም ግን በታማሚው፣ በተለይም እንግሊዝኛ በሚከብደው ስደተኛ ላይ መጣል የለበትም። የሐኪሙ ወረቀት እንደደረሰ ቀጠሮው ወደ ስልክ ይዛወር፤ በአካል መቅረብ የግድ ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ የሚያስረዳው መሥሪያ ቤቱ ይሁን።