ግድግዳዬን በነፃ አላከራይም

ሰሞኑን ቤቴ የመጡ ወዳጆቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ወቀሳ ወርውረውብኝ ሄደዋል። «ያን የመሰለ ጌጥ አበላሸኸው!» ነው የሚሉት። አበላሸኸው የሚሉኝ በገዛ እጄ ከቢራ ቆርኪ ሠርቼ ከአልጋዬ ትይዩ የሰቀልኩትን ሰሌዳ ነው። ጥፋቴ ደግሞ ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ ስማቸው ወደ እንጨቱ፣ ሆዳቸው ወደ ቤቱ እንዲዞር አድርጌ መልሼ መለጠፌ ነው። «የቢራ ስም የሌለበት የቢራ ጌጥ ምን ይባላል?» አለኝ ከመካከላቸው በአንደበቱ የታወቀው። በቃል የመለስኩለት ለራሴም አላረካኝምና እነሆ በጽሑፍ ልመልስለት።

ከክርክሩ በፊት ግን ሥራውን ላስረዳ። ቤቴ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ነው። አልጋ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ አንዲት ጠረጴዛና ምድጃ ከገቡበት በኋላ ለእግር የሚተርፈው ቦታ በእርምጃ የሚቆጠር ነው። እንዲህ ባለ ቤት ጌጥ የሚቀመጥበት ወለል የለም፤ ያለው ግድግዳ ብቻ ነው። ሥዕል ለመግዛት ደግሞ ኪሴ አልፈቀደም። ስለዚህ የሰፈሬን ግሮሰሪ አስተናጋጅ፣ ማታ ማታ የምትጠርገውን ቆርኪ በፌስታል እንድታስቀምጥልኝ ለመንኳት። ስልሳ በዘጠና ሳንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ አስቆረጥኩ። የአንድ ቆርኪ ስፋት 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ሰሌዳው በወርድ 18፣ በቁመት 28 ይይዛል፤ በድምሩ 504 ቆርኪ። አንድ ሳጥን ቢራ 24 ጠርሙስ ስለሆነ፣ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ልክ 21 ሳጥን ነው ማለት ነው። (ብቻውን ጠጥቶ ጨረሰው ብላችሁ እንዳታሙኝ፤ የእኔ ድርሻ ከአንድ ሳጥን ብዙም አያልፍም።)

መክፈቻ የነካው ቆርኪ ወገቡ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ደግሞ ሰሌዳ ላይ ቀጥ ብሎ አይተኛም። መድኃኒቱን ያስተማረችኝ ያችው አስተናጋጅ ናት፦ ሳንቲም ቆርኪው አናት ላይ አድርጎ፣ መክፈቻውን በሳንቲሙ ላይ አሳርፎ ቀስ ብሎ ማንሣት። ከዚያ ሙቅ ውኃና ሳሙና፣ ከዚያ ፀሐይ። በጥርሶቹ መካከል የቀረች ጠብታ ውላ አድራ ዝገት ትሆናለች። ዊልያም ፔይንተር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካዋ ባልቲሞር የዚህን ክዳን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ጥርሶቹ 24 ነበሩ፤ የዛሬው 21 ነው ያለው። እንግዲህ ከዐሥር ሺህ በላይ ጥርስ በጣቴ ዳስሻለሁ ማለት ነው። ሰሌዳው ሲያልቅ ቀይና ቢጫው፣ አረንጓዴና ወርቃማው እንደ ጥልፍ ተሰልፎ ታየኝ። ኮራሁ። ለሁለት ወር ያህል የመጣውን እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ወደዚያ ነበር የማዞረው።

የእኅቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው። ፊደል ቆጥሮ ጨርሶ፣ ቃል መግጠም የጀመረ ሰሞን ነበር። አንድ እሑድ እናቱ ይዛው መጣች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጣቱን ወደ ሰሌዳው ዘረጋ፤ በዚያ ሁላችንም በምናውቀው ዜማ፣ ፊደል በፊደል እየጎተተ አነበበ። የቢራ ስም ነበር። ቀጠለና ሌላ አነበበ፤ እሱም የቢራ ስም። ከዚያ ፊቱ በርቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «አጎቴ፣ ቻልኩ አይደል?» አለኝ።

ከጀርባው በዐሥራ አምስት ዓመት ያጠራቀምኩት የመጻሕፍት መደርደሪያ ቆሟል። «ጎበዝ!» አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? እኅቴ ምንም አልተናገረችም። የቡና ስኒዋን አስቀምጣ ወደ መስኮቱ አየች። አባታችንን የወሰደብን መጠጥ ነው፤ ይህን እዚህ አላሰፋውም።

ወዳጆቼ እንግዲህ የዚያን ሌሊት ኮምፔንሳቶውን አውርጄ በቢላ ጫፍ ቆርኪ ስነቅል ያደርኩት ተናድጄ መስሏቸዋል። ንዴት አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። በ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጥቶ የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲወርድ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። በዘፈንና በእስክስታ ታጅቦ ራት ሰዓት ላይ ሳሎናችን ይገባ የነበረው እንግዳ በሩ ተዘጋበት ብዬ ነበር። እኔው ግን በመስኮት አስገባሁት፤ ያውም በራሴ ኮላ፣ በራሴ ሚስማር፣ አጥቤና አድርቄ፣ መኝታዬ ድረስ። የመንገድ ዳር ሰሌዳ ቢያንስ ኪራይ ይከፈልበታል። እኔ 504 ጊዜ በነፃ አስተዋወቅሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ። «ጌጥ» የሚለው ስም እንዲህ ያለውን ሞኝነት እንዴት አድርጎ እንደሚሸፍነው አስቡት!

አንደበተኛው ወዳጄ ግን ለዚህም መልስ አላጣም። «ይህ እኮ ጥበብ ነው! ኤል አናትሱይንስ ምን ልትለው ነው?» አለኝ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ተገቢ መልስም ይገባዋል። ኤል አናትሱይ ጋና ተወልዶ ናይጄሪያ፣ ንሱካ ውስጥ የኖረ ቀራፂ ነው። የአልኮል ጠርሙስ የአሉሚኒየም ክዳኖችን በመዳብ ሽቦ እየሰፋ ግዙፍ መጋረጃ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የቬኒስ ቢያናሌ ለዕድሜ ልክ ሥራው የወርቅ አንበሳ ሸልሞታል፤ በ2023 ደግሞ የለንደኑ ቴት ሞደርን ትልቁን አዳራሹን ለእሱ ሥራ ሰጥቶ ነበር። ሥራዎቹን ቀርቦ ላያቸው ሰው በክዳኖቹ ላይ የመጠጡ ስም ይነበባል፤ እዚህ ላይ ወዳጄ እውነት አለው። ነገር ግን ክዳኑ ተቀጥቅጦ ተጠፍጥፏል፣ ተቆርጧል፣ ተጣጥፏል። ራቅ ብለው ሲያዩት የንጉሥ ካባ ይመስላል፤ ስሙ የጨርቁ ክር ሆኗል። መጠጡም ያለ ምክንያት እዚያ አልገባም፤ አውሮፓውያን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ጭነውት የመጡ ሸቀጥ፣ በባሪያ ንግድም መለዋወጫ የነበረ ነገር ነው። ሰውዬው ያንን ታሪክ ነው የሰፋው። እኔ ምን አደረግሁ? ፋብሪካው የሳለውን ሥዕል ፋብሪካው በሳለው መልኩ ደረደርኩ። ደርዳሪና ሠዓሊ አንድ አይደሉም።

ሌላም አለ። በታይላንድ፣ በሲሳኬት ግዛት፣ ዋት ፓ ማሃ ቼዲ ካው የሚባል የቡድሃ ቤተ መቅደስ ይገኛል። እምነታቸው አስካሪ መጠጥ የሚከለክላቸው መነኮሳት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ባዶ የቢራ ጠርሙስ እየሰበሰቡ የሠሩት ነው፤ ከሚሊዮን በላይ ጠርሙስ ገብቶበታል። አረንጓዴውና ቡናማው ጠርሙስ ጡብ ሆኖ ግድግዳ አቆመ፤ ከቆርኪውም ሥዕል ሠሩበት። ጠጪ ሳይሆኑ፣ ጠጪንም ሳይረግሙ፣ የሌላውን ትርፍራፊ ለራሳቸው ነገር አዋሉት። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ቀናሁ።

(የጠርሙስ መብራት ሥራልን ለምትሉኝ ግን አልሠራም። በእኛ አገር የቢራ ጠርሙስ ተመላሽ ነው፤ ታጥቦ ዳግም ይሞላል፣ መያዣም ይከፈልበታል። ቦታው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ተመላሽ የሌለው ቆርኪ ነው።)

ስም የሌለበት የቢራ ጌጥ አይሆንም ለሚለውም መልሱን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያሻም። ጠላም እኮ ቢራ ነው። የጠላ ቤት ምልክትስ ምን ነበር? በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የተደፋ ጣሳ። እዚያ ጣሳ ላይ የጠማቂዋ ስም የለም፣ የአንበሳ ሥዕል የለም፣ «ምርጥ» የሚል ቃል የለም። ጌሾውና ብቅሉ ተዋሕዶ፣ ጥንስሱ ደርሶ፣ ድፍድፉ ተጠልሎ እንደሆነ ብቻ ለመንገደኛው ያበስራል። በደጃፍ ላይ የቆመ፣ በሠፈሩ ሁሉ የሚነበብ፣ ፊደል የማያስፈልገው የቢራ ጌጥ ነበረን። እኛ ግን ዛሬ ዝገቱ እንኳ በቀለም የተቀባ፣ «አሮጌ» እንዲመስል ፋብሪካ ውስጥ የተሠራ የውጭ አገር መጠጥ ቤት ቆርቆሮ ገዝተን ሳሎን እንሰቅላለን። ይህን የሚያደርገው ወዳጄ ነው የኔን ሰሌዳ ቢራ የለበትም የሚለኝ!

«ሰባኪ ሆንክብን» የሚሉም አልጠፉም። አልሆንኩም። ዓርብ ማታ እዚያችው ግሮሰሪ ደጃፍ፣ ወንበሬ ላይ ታገኙኛላችሁ። ቢራ ከወዳጅ ጋር ሲጠጣ ጨዋታ ያመጣል፤ ጠርሙሱ ሲያልቅ ደግሞ ተነሥቼ ቤቴ እሄዳለሁ። ቤቴ ስገባ ግን እንደገና እንዲጠራኝ አልፈልግም። በሠላሳ ካሬ ሜትር ውስጥ ዓይን የሚሸሽበት ጓዳ የለም፤ አልጋ ላይ የተጋደመ ሰው የሚያየው ያንኑ አንድ ግድግዳ ነው።

አሁን ሰሌዳው እንዲህ ነው። የቆርኪዎቹ ሆድ ብርማ ነው፤ የአንዳንዱ ሽፋን ነጭ፣ የጥቂቶቹ ግራጫ። ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ እያንዳንዱ ጥቃቅን ጥላ ይይዛል፤ 504 ትናንሽ ሳህኖች ይመስላሉ። ጉድለቱን ልደብቅ አልፈልግም፦ አቧራ ይሰበስባል፣ በየሳምንቱ በብሩሽ መጥረግ ግድ ይላል። አያያዙ ግን ከበፊቱ ይሻላል። መጀመሪያ ኮላው የያዘው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነበር፤ ሲገለበጡ ሙሉ አናታቸው ከእንጨቱ ተጣበቀ።

ስነቅል የጎበጡብኝን በጣሳ አጠራቅሜ በሌላ ተክቻቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ ልጁ ሲመጣ ሰሌዳውን አየና፣ «ስሞቹስ የት ሄዱ?» አለኝ። «ዞረው ተኝተዋል» አልኩት። ብዙም አልደነቀው። ጣሳውን ሲያይ ግን ዓይኑ በራ፤ ለሽቦ መኪናው ጎማ እንድሰጠው ጠየቀኝ። መኪናው አራት ነበር የሚበቃው፤ እሱ ስድስት መርጦ ኪሱ ከተተ። ሁለቱ መጠባበቂያ ናቸው አለኝ።