ከምድር ቤት ግድግዳ ስለሚወጣው ጨው

በዚህ ዐምድ ስለ ቤት አያያዝ እስካሁን የጻፍሁት በአብዛኛው ለደጋ ሰው የሚስማማ ነበር። ዛሬ ግን በሥራ ምክንያት ስለምኖርባት ስለ ጅቡቲ ከተማ፣ በተለይም የድሮ ቤት ምድር ቤት አድሶ መኝታ ማድረግ ለሚያስብ ሰው እጽፋለሁ። ነገሩን ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ስለ ሆነ፣ አንባቢ ከኪሳራዬ ይጠቀም ዘንድ ከመጀመሪያው ጀምሬ አጫውታለሁ።

በመሀል ከተማው የሚገኙት የድሮ ቤቶች ኮራል ከሚባለው የባሕር ድንጋይ ተገንብተው በኖራ የተያያዙ ናቸው። ግድግዳቸው ወፍራም፣ በረንዳቸውም ባለ ቅስት ነው፤ ምጽዋን ያየ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። የምድር ባቡሩ ከዚህች ወደብ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ግንበኞች ሥራቸው ይኸው ነበር። እኛ የተከራየነው ቤት ከነዚህ አንዱ ሲሆን፣ መንገዱ አስፋልት በተደረበበት ቍጥር ከፍ እያለ ስለ ሄደ፣ ድሮ ከመንገዱ እኩል የነበረው የታችኛው ክፍል ዛሬ ሦስት ደረጃ ወርደው የሚገቡበት ምድር ቤት ሆኖአል።

እናቴ ከዓዲግራት መጥተው ከእኛ ጋር ሊኖሩ በተነሡ ጊዜ ጉልበታቸው ፎቅ መውጣት አልቻለም ነበር። ስለዚህ ያንን ክፍል ልናዘጋጅላቸው ወሰንን። የጠራሁት ግንበኛ አሮጌውን ልስን ፍቆ በሲሚንቶ ለሰነው፤ በላዩ ላይ ላስቲክ ወጠረ፤ በላስቲኩም ላይ ሙቀት እንዳይገባ ብሎ የፎም ሰሌዳ ለጠፈ፤ ወለሉን በፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፈነ፤ የአየር ማቀዝቀዣም ተከለልን። ክፍሉ በጣም አምሮ ነበር። እኔም እንግዳ በመጣ ቍጥር ሳልጠየቅ ይዤ እወርድ ነበር።

በአምስተኛው ወር እናቴ ሌሊት ሌሊት ይስሉ ጀመር። እርሳቸው ግን ልጄን አላስቸግርም ብለው ብርድ ነው ይሉ ነበር፤ በጅቡቲ በነሐሴ! ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዙ በኋላ «የሚተኙበትን ክፍል ደኅና አድርጋችሁ እዩ» አሉን። የራስጌውን ፎም ብነቅለው ከጀርባው ጥቁር ሻጋታ ወርሶት አገኘሁ። የሲሚንቶው ልስንም በእጄ ስነካው እንደ ቂጣ ተገምሶ ወደቀ፤ ከሥሩም እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ነበር። በምላሴ ቀመስሁት፤ ጨው ነው።

ከዚህ በኋላ ጎረቤት ያመጡልኝ ሽማግሌ የመናዊ ግንበኛ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳብሰው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ይህ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል። እናንተ ደግሞ የሚተነፍስበትን አፍ ዘጋችሁበት» አሉኝ በዐረብኛ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። በዝቅተኛው የከተማው ክፍል መሬቱ ከባሕሩ ብዙ ከፍ አይልም፤ አፈሩም ጨዋማ ነው። ኮራል ድንጋይ ደግሞ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለ ሆነ፣ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ከመሬት ውሃ እየሳበ ወደ ላይ ያወጣል። ውሃው በግድግዳው ፊት ላይ ይተናል፤ ጨው ግን መትነን ስለማይችል እዚያው ይቀራል፤ ሲደርቅም እየጠጠረ ልስኑን ይገፈትራል። የኖራ ልስን እርጥበቱን ስለሚያሳልፍ ግድግዳው ይደርቃል፤ ልስኑ ራሱ ቢበላም ድንጋዩ ይተርፋል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ስለሚዘጋ ውሃው ከፍ ወዳለው ስፍራ ይወጣል፤ ጨውም ድንጋዩን ራሱን ይበላል። የአየር ማቀዝቀዣው ደግሞ በዚህ ላይ ሌላ ውሃ ጨመረ፤ ቀዝቃዛ ብርጭቆ በውጭ በኩል እንደሚያልበው፣ በበር የሚገባው የባሕር አየር በቀዘቀዘው ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናልና።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አይደለም። በጎንደር የፋሲል ግቢ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት አግብተው ነበር፤ በኋላ ግን ያ እየወጣ በቀድሞው የኖራ ሥራ ተተክቶአል። የነገሥታቱ ግንብ ያላመለጠውን ስሕተት እኔ እንዴት ባመልጠው!

ስለዚህ ላስቲኩንም፣ ምንጣፉንም፣ ሲሚንቶውንም አስነሣን። የወጣውን ጨው በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጠረግነው፤ በውሃ ቢያጥቡት ተመልሶ ይገባልና። ከዚያ ሽማግሌው «ጠብቁ» አሉ። እናቴ በሳሎናችን እየተኙ፣ ልጆቹ እየተጣበቡ፣ ካምሲን የሚባለው ደረቅ የበጋ ነፋስ እስኪያልፍ ድረስ ክፍሉ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ቆየ። ለባለቤቴ ከሥራው ሁሉ የከበዳት ይህ መጠበቅ ነበር፤ እኔም ሁለት ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ ግንበኛ ልጠራ ተነሥቼ ነበር።

ኖራውን ያጠፋሁት እኔ ራሴ ነኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በየዕረፍቱ ግድግዳ ስለምንቀባ ሥራውን አውቀዋለሁ፤ ያልጠፋ ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላልና ዐይንን በመነጽር፣ እጅን በጓንት መጠበቅ ያስፈልጋል። አሸዋው ከባሕር ዳር የተዛቀ አይሁን፤ ውሃውም ጨዋማ የጕድጓድ ውሃ አይሁን። እኛ የተጠቀምነው ከኢትዮጵያ በረጅም ቧንቧ በሚመጣው ውሃ ነው፤ እናቴም ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

ሙቀቱንስ በምን ተከላከላችሁ የሚል ይኖራል። ሽማግሌው የሳቁብኝ በዚህ ነው። ሙቀት ወደ ቤት የሚገባው ይልቁንም በጣራው ነው፤ የእኛም ጣራ ቆርቆሮ ነው። የነቀልነውን ፎም ሻጋታውን ጠርገን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን ከቆርቆሮው ሥር ሰካነው፤ ቆርቆሮውንም ነጭ ቀባነው። ምድር ቤቱ ግን ፎቁ ጥላ ስለሚሆነው፣ የቀረው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የምዕራብ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ በዚያም ላይ ከውጭ ሰሌን ዘረጋን። ለአየር መተላለፊያ አንዱን ቀዳዳ ከወለሉ አጠገብ፣ ሌላውን ከኮርኒሱ ሥር ከፈትን። አልጋውም ከግድግዳው አንድ ክንድ ራቀ።

እናቴ በጥቅምት ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ሳሉ ቀንሶአል፤ ፈጽሞ ጠፍቶአል ግን አልልም። የምዕራቡ ግድግዳ እስከ ጕልበት ድረስ አሁንም ጨው ያወጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እጠርገዋለሁ። ልስኑ በዚያ በኩል በሁለት ዓመት ውስጥ መታደስ እንዳለበት ሽማግሌው ነግረውኛል፤ አከራያችንም ወጪውን ይካፈሉ እንደ ሆነ ጠይቄአቸው መልሳቸውን እጠብቃለሁ።