ወርቁ ሰም የሆነበት ሙዳይ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ስለ ፈረንሳይ የወርቅ ሙዳዮች የሚነገረውና የሚጻፈው ግን ከሥሩ ሳይሆን ከክዳኑ የሚጀምር፣ እዚያው ክዳኑ ላይም የሚያበቃ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ከተማ የተሠሩት፣ ከመዳፍ የማይበልጡት፣ በደቂቅ ሥዕል ያጌጡት እነዚህ የሱረት ሙዳዮች ዛሬ በፓሪሱ ሉቭር፣ በለንደኑ ዋላስ ኮሌክሽን፣ በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ። ተመልካቹ አጎንብሶ ያያል፤ ይደነቃል፤ ያልፋል። ከዓይኑ ፊት የነበረው ነገር ከምን ከምን እንደ ተሰበሰበ፣ ማን እንደ ደከመበት፣ ለምን እንደ ዋለ ግን ሳይነገረው ይሄዳል።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ወገኖችን ይሞግታል። አንደኛው ወገን አድናቂው ነው። ለእርሱ ሙዳዩ የጥበብና የጨዋነት ዘመን ቅሪት፣ ንጹሕ ውበት ነው፤ ከውበቱ ሌላ ነገር የሚያነሣ ሰው ድግስ የሚያውክ እንግዳ ይመስለዋል። ሁለተኛው ወገን ናቂው ነው። «የመኳንንት ቅንጦት ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሁለቱ የማይስማሙ ይምሰሉ እንጂ ስሕተታቸው ከአንድ ሥር የበቀለ ነው። ሁለቱም ከወርቁ አልፈው አላዩም።

እስቲ ሙዳዩ ምን እንደ ነበረ አስቀድመን እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ባለጸጎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ የትምባሆ ዱቄት በአፍንጫቸው ይስቡ ነበር፤ እኛ ሱረት የምንለውን መሆኑ ነው። ሱረቱ የሚያዝበት ሙዳይ በሰው ፊት የሚወጣ፣ የሚከፈት፣ ለባልንጀራ የሚዘረጋ ስለ ነበረ የባለቤቱን ማዕረግ ያለ ቃል ይናገራል። ሠሪዎቹ የፓሪስ አንጥረኞች ማኅበር አባላት ናቸው። አንጥረኛው በሥራው ላይ የራሱን ምልክት ይመታል፤ ሥራው ሳይጠናቀቅም የግብር ተቋራጮች የሚከፈለውን ዕዳ የሚያስመዘግብ ማኅተም ያሳርፉበታል፤ ማኅበሩ የወርቁን ጥራት ፈትኖ በየዓመቱ በሚለወጥ ፊደል ያትመዋል፤ በመጨረሻም ግብሩ ሲከፈል የመልቀቂያው ማኅተም ይመታበታል። ዛሬ ሊቃውንት አንድን ሙዳይ በዚህ ዓመት ተሠራ ብለው በድፍረት የሚናገሩት እነዚህን ጥቃቅን ማኅተሞች በአጉሊ መነጽር አንብበው ነው። እንግዲህ ይህ «ንጹሕ ውበት» የተባለው ዕቃ ገና ከሠሪው እጅ ሳይወጣ አራት ጊዜ የተመታ የሂሳብ ሰነድ ነው።

እነዚያ የግብር ተቋራጮች እነማን ነበሩ? ለንጉሡ አስቀድመው ገንዘብ እየከፈሉ ግብር የመሰብሰቡን መብት በኮንትራት የያዙ ባለሀብቶች ናቸው። በወርቁ ላይ ብቻ አልነበሩም። ከ1730 ጀምሮ የፈረንሳይ የትምባሆ ንግድ በብቸኝነት በእጃቸው ነበር። ሣጥኑን የሚቀርጡት እነርሱ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለውንም ዱቄት የሚሸጡት እነርሱ! ሕዝቡ ይህን አልረሳም። በአብዮቱ ዘመን፣ በግንቦት ወር 1794፣ ታላቁን የኬሚስትሪ ሊቅ ላቮዋዚዬን ጨምሮ 28 የግብር ተቋራጮች በአንድ ቀን አንገታቸው ተቀላ፤ ከቀረበባቸው ክስ አንዱ ትምባሆውን ውኃ እያርከፈከፉ ክብደቱን ጨምረዋል የሚል ነበር። የሙዳዩ አድናቂ ይህን ታሪክ ከሙዳዩ ለይቶ ማስቀመጥ ይፈልጋል። ማኅተሙ ግን አይለቅም፤ በወርቁ ላይ ተመትቷልና።

ትምባሆው ከየት መጣ? የፈረንሳይ የትምባሆ ሞኖፖል በዚያ ክፍለ ዘመን ከዋና ዋና ምንጮቹ አንዱ አድርጎ የያዘው የቨርጂኒያንና የሜሪላንድን ቅጠል ነበር፤ ይህንኑም እንደ ግላስጎው ባሉ የብሪታንያ ወደቦች አማካይነት በብዛት ይገዛ ነበር። በእነዚያ እርሻዎች ላይ ዘር የዘሩት፣ ትል የለቀሙት፣ ቅጠል የሰበሰቡት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ናቸው። ወርቁስ? በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለአውሮፓ ከፍተኛውን ወርቅ ያቀረበችው ብራዚል ናት፤ በሚናስ ዤራይስ ወንዞችና ጉድጓዶች ወርቁን ያጠቡትና የቆፈሩት እንደዚሁ ባሮች ናቸው። ወርቅ ሲቀልጥ ከሌላው ወርቅ ጋር ይዋሐዳል፤ አገሩንም ታሪኩንም ይረሳል። የዚህ ብረት ክብርም ወንጀልም ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ዛሬ የተወለደ ይመስላል።

የዝሆን ጥርሱ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለአፍሪካውያን ቅርብ ነው። ቀድሞ ደቂቅ ሥዕል የሚሣለው በብራና ላይ ወይም በኢናሜል ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ የቬኒስ ከተማ ተወላጅ የሆነችው ሠዓሊት ሮዛልባ ካሪዬራ በሱረት ሙዳይ ክዳን ላይ የሚገቡ ሥዕሎችን በስስ የዝሆን ጥርስ ላይ መሣል ጀመረች። ብርሃን በጥርሱ ውስጥ ስለሚያልፍ የሰው ፊት ሕይወት ያለው ሥጋ መሰለ። ካሪዬራ በ1720 ወደ ፓሪስ ሄዳ በንጉሣዊው የሥዕል አካዳሚ አባልነት ተቀበሏት፤ በዝሆን ጥርስ ላይ መሣልም በአውሮፓ ተስፋፋ። በፈረንሳይ የዝሆን ጥርስ ጠራቢዎች ከተማ በነበረችው በዲዬፕ ወደብ ጥርሱ ከአፍሪካ ጠረፍ በመርከብ ይራገፍ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ ብላ የምትታየው እመቤት ጉንጯ የሚያበራው ከሥሩ አህጉራችን ስላለ ነው። የሙዚየሙ ጽሑፍ ግን በተለመደው አሠራር «ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ» ብሎ ያልፋል፤ ቁሳቁሱ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስል!

አድናቂው እዚህ ላይ ይቆጣል። «ሥነ ጥበብን በሥነ ጥበብነቱ እንየው እንጂ የችሎት አዳራሽ አታድርጉት» ይላል። መልካም፤ በሥነ ጥበብነቱ እንየው። ከእነዚህ ሙዳዮች ሁሉ ስመ ጥር የሆነውን የሹዋዜልን ሙዳይ እንውሰድ። ወርቁን በ1770 ገደማ የሠራው አንጥረኛ ሉዊ ሩሴል ነው፤ በስድስቱም ፊት ያሉትን ሥዕሎች የሣለው ሉዊ-ኒኮላ ቫን ብላረንበርግ ነው። ርዝመቱ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ዕቃ ላይ የሉዊ 15ኛ ታላቅ ሚኒስትር የነበረው መስፍን ሹዋዜል በፓሪስ መኖሪያው ክፍሎች ውስጥ ይታያል። በግድግዳዎቹ ላይ የተሰቀሉት ሥዕሎች ከጥፍር ያነሱ ሆነው ሳለ ሊቃውንት ይህ የእገሌ ሥራ ነው፣ ያኛው የእገሌ ነው እያሉ ለይተዋቸዋል። ሹዋዜል በታኅሣሥ 1770 ከሥልጣን ተሽሮ ወደ ርስቱ ተጋዘ፤ ሥዕሎቹም በ1772 በጨረታ ተበተኑ። ዛሬ የዚያን ቤት ግድግዳ እንደ ነበረ የሚያሳየን ይህ የሱረት ሣጥን ነው። የሉቭር ሙዚየም በ2022 ከሕዝብ መዋጮ ጠይቆ ሙዳዩን ለመግዛት መነሣቱ አያስደንቅም።

ይህ ለናቂው መልስ ነው። «ቅንጦት ነው» ብሎ ያጣጣለው ዕቃ ትልልቅ ሸራዎች ያልያዙትን ምስክርነት ይዟል። ነገር ግን ምስክር ከጠራን እስከ መጨረሻው እንጠይቀው። በዚያ ሙዳይ ላይ መስፍኑ በጽሕፈት ጠረጴዛው አጠገብ ይታያል። ለመሆኑ የዚህ ሰው ወረቀቶች በዓለም ላይ ምን አደረጉ? ሹዋዜል የባሕር ኃይሉንና የቅኝ ግዛቶቹን ሥልጣን ይዞ ሳለ ከ1763 እስከ 1765 ባሉት ዓመታት ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ኩሩ ወደተባለች ሠፈር ተላኩ። በቂ መጠለያና ስንቅ ሳይዘጋጅላቸው ደርሰው አብዛኞቹ በወረርሽኝ አለቁ። ሠዓሊው የመስፍኑን ክፍል መጋረጃና ወንበር ሳይቀር ሣለ፤ በዚያ ክፍል የተወሰነውን ግን ሊሥለው አይችልም ነበር። ሠዓሊው ያልቻለውን መጻፍ የኛ ዘመን ሙዚየም ተግባር ነው።

ሌላም አለ። የወርቅ ሙዳይ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት መሣሪያ ነበር። ንጉሡ ለተሰናባች አምባሳደር በአልማዝ የታጀበ ምስሉን ያለበትን ሙዳይ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ብዙ ጊዜ ሙዳዩን ለጌጥ ነጋዴው መልሶ በገንዘብ ይለውጠዋል፤ ያው ሙዳይም ለሌላ ሰው እንደገና ይሸለማል። ስጦታ በሚል ስም የሚዞር ገንዘብ ነበር ማለት ነው። በ1785 ሉዊ 16ኛ አሜሪካዊውን መልእክተኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ሲያሰናብት በ408 አልማዞች የተከበበ፣ ሲካርዲ የተባለ ሠዓሊ የሣለውን ደቂቅ ምስሉን ሰጠው። ወዳጅነት ነው የሚል ይኖራል። አሜሪካውያን ግን እንዲህ ያለው ነገር አሳሰባቸው። በ1787 በተረቀቀው ሕገ መንግሥታቸው፣ የመንግሥት ሹም ያለ ኮንግረሱ ፈቃድ ከውጭ ንጉሥ ወይም መንግሥት ስጦታ እንዳይቀበል ደነገጉ። በቀጣዩ ዓመት የቨርጂኒያው ኤድመንድ ራንዶልፍ ለድንጋጌው ምክንያት የሆነው ለአምባሳደራቸው በወዳጅ ንጉሥ የተሰጠ ሣጥን እንደ ሆነ በጉባኤ ላይ ተናገረ። እንግዲህ በኪስ የሚያዝ ሙዳይ የአንድን አገር ሕገ መንግሥት ማርቀቅ ላይ ጥላውን ካጠላ፣ «ትንሽ ጌጥ ነው» ማለት ከየት የመጣ ንቀት ነው?

ወደ ናቂው ልመለስ። «ከባርነትና ከጉቦ የተሠራ ከሆነ ይቅር፤ ይቅለጥ፤ ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። ቁጣው ይገባኛል፤ መደምደሚያውን ግን አልቀበልም። ማቅለጥ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የፈረንሳይ ነገሥታት ራሳቸው ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥራቸው የከበሩ ዕቃዎችን ወደ እሳት ልከዋል፤ ብዙ ሙዳዮችም ፋሽናቸው ሲያልፍ ለወርቃቸው ሲባል ተሰባብረዋል። በቀለጠው ሙዳይ ማንም አልተካሰም። የጠፋው ማስረጃው ነው። ማኅተሙ፣ የአንጥረኛው ምልክት፣ የዝሆን ጥርሱ ሥዕል አብሮ ሄዶ በዳዩ ነጻ ወጣ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን፤ የወጋው እንዳይረሳ የሚያደርገው ግን የተወጋበት ጦር ሲኖር ነው።

ከወርቁ በስተቀር ምንም የማያየው ሌላው ሰው ደግሞ ሌባው ነው። በሰኔ 2003 ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ዋድስደን ወደተባለው የሮትሽልድ ቤተሰብ ቤት ገብተው ከ100 በላይ ሙዳዮችንና ሌሎች ውድ ዕቃዎችን ዘረፉ። በኅዳር 2024 ደግሞ መጥረቢያ የያዙ ወንበዴዎች በጠራራ ፀሐይ፣ ጎብኚዎች ባሉበት ወደ ፓሪሱ ኮኛክ-ዤ ሙዚየም ዘልቀው መስታወት ሰብረው 7 ሙዳዮችን ይዘው ሸሹ። ሙዳዩ በሚዛን የሚለካ ብረትና የሚነቀል ድንጋይ ብቻ ከሆነ ከመጥረቢያው ሰው ጋር የምንጣላበት ምክንያት ምንድን ነው? እርሱም የሚያየው ያንኑ ነው። ሙዳዩን ከሌባው የሚለየው፣ ለመንግሥት ጥበቃና ለሕዝብ መዋጮ የሚያበቃው በውስጡ ያለው ታሪክ ነው። ታሪኩን የሚደብቅ ሙዚየም ግን ንብረቱን የሚጠብቅበትን ምክንያት በገዛ እጁ ይሸረሽራል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከሙዳዩ ሥር በሚለጠፈው ወረቀት ላይ ከአንጥረኛው ስም ቀጥሎ ትምባሆው በማን እጅ እንደ በቀለ፣ የዘመኑ ወርቅ በማን ጉልበት እንደ ተቆፈረ፣ የዝሆን ጥርሱ ከየትኛው አህጉር እንደ መጣ ይጻፍ። «ቦታ አይበቃም» የሚል ምክንያት አይሠራም። ሙዳዩ ከእገሌ መስፍን ወደ እገሌ ባሮን፣ ከባሮኑ ወደ እገሊት ወራሽ መተላለፉን ለመዘርዘር ቦታ አልጠፋም። ገዝተው በኪስ ላኖሩት የሚበቃ ወረቀት ቆፍረው ላወጡት እንዴት ይጠባል? አንዳንድ ሙዚየሞች በቅርብ ዓመታት ወደዚህ መንገድ መግባት ጀምረዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። የእነርሱ ጅምር ግን የጥቂቶች በጎ ፈቃድ ሆኖ ሳይቀር ደንብ ሊሆን ይገባዋል። እኛም በለንደን፣ በፓሪስ ወይም በኒው ዮርክ የምንኖርና የምናልፍ የአፍሪካ ልጆች በእነዚህ መስታወቶች ፊት እንደ እንግዳ አንቁም። እንጠይቅ፤ እንጻፍላቸው። በዚያ ዕቃ ውስጥ ድርሻ አለን።

በእኛ ቅኔ ሰሙ ላይ ነው፤ ወርቁ ተሰውሮ ይገኛል። በፓሪሱ ሙዳይ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ላይ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ወርቅ ሰሙ ነው፤ የተሰወረው ወርቅ ደግሞ የአንጥረኛው ዓይን፣ የሠዓሊው እጅ፣ ከውቅያኖስ ማዶ የፈሰሰው የባሪያው ላብ ነው። ሰሙን ብቻ ሰምቶ የሚያጨበጭብ ቅኔ አልገባውም። ቅኔውን ጥሎ የሚሄድም እንደዚያው። ልብ ያለው ልብ ይበል።