የዘንጉ ፍሬን አይነቀል

በሱዳኗ ገዳሪፍ ዙሪያ ያለው የሰሊጥና የማሽላ አገር ሰፊ ሜዳ ነው። ለእንዲህ ያለ ምድር ረጅሙና ከባዱ የድሮ ብስክሌት፣ የእንግሊዙ ራሌም ሆነ የሻንጋዩ ፎኒክስ፣ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። የዘንግ ፍሬኑ የደከመበት ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ የሚመከረው አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ሁሉ ብረት ነቅለህ ጣልና የሽቦ ፍሬን አስገጥም።»

ምክሩ ዘመናዊ ቢመስልም ከቸርኬው ጋር አይስማማም። የሽቦ ፍሬን ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ ይቆነጥጣል፤ የድሮው ቸርኬ ጎን ደግሞ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ ስለሆነ የፍሬን ጎማ አጥብቆ የሚይዘው ጠፍጣፋ ፊት የለውም። ቸርኬው የተሠራው ከውስጥ፣ ወደ መሃሉ በሚያየው ገጹ በኩል እንዲያዝ ነው። እጀታው ሲጨበጥ ዘንጉ ወደ ላይ ይሳባል፤ እርካብ የመሰለው ብረት አብሮት ይነሣና በሁለት ጫፎቹ ያሉት ጎማዎች ቸርኬውን ከውስጥ ይጫኑታል። የኋላው ዘንግ ፔዳሉ አጠገብ ታጥፎ እርካቡን ወደ ፊት ይስበዋል፤ ሥራው ያው ነው። ስለዚህ ቸርኬው ወደ ጎን ትንሽ ቢወላገድ ፍሬኑ ግድ የለውም። ድንጋይ መትቶት ከጎደጎደ ግን በየዙሩ ይነክሳል።

ሽቦ ቀላል ነው፣ አይንኳኳም፣ ለአዲስ ብስክሌት ይስማማል። ነገር ግን አቧራና ውሃ በሽፋኑ ውስጥ ይገባሉ፤ ሽቦው ክር በክር ሲበጠስም ባለቤቱ አያይም። ዘንግ የሚሸሽገው ነገር የለም። ቢጣመም ይቃናል፣ ዳዶው ቢላላ ይንኳኳል። (ጎረቤት የሚቀሰቅስ ጩኸት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም።)

ፍሬኑን የሚያስወቅሰው አብዛኛውን ጊዜ የገጠመው ሰው ስሕተት ነው። የፍሬን ጎማው የሚቀመጥበት የብረት ቤት አንዱ ጫፉ ክፍት፣ ሌላው ዝግ ነው። የፊተኛው ፍሬን ዝግ ጫፍ ወደ ፊት፣ የኋለኛው ወደ ታች መሆን አለበት፤ ቸርኬው ሲሽከረከር ጎማውን የሚጎትተው ወደዚያ ነውና። ተገልብጦ ከተገጠመ ጎማው ከቤቱ ሾልኮ ሊወጣ ይችላል፤ ያ ደግሞ የሚሆነው ነጂው አጥብቆ በያዘበት፣ ማለትም ፍሬኑ እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ካቴና ለማጥበቅ የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ የሳበ ሰውም ቸርኬውን ወደ ፍሬኑ እንዳስጠጋ ይዘነጋል። ብስክሌቱ መክበዱን አይቶ ኩሽኔታውን ይጠረጥራል፤ ጥፋቱ ግን የዘንጉ መጋጠሚያ እንደገና አለመስተካከሉ ነው። ከዚህ የቀረው ቀላል ነው፦ ለመጋጠሚያዎቹ ጠብታ ዘይት፣ በፀሐይ ደርቆ ለጠነከረው የፍሬን ጎማ ብርጭቆ ወረቀት። ዘይት ቸርኬውን እንዳይነካ መጠንቀቅ ነው።

ትክክለኛው ክስ ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተደረገ ሙከራ እንዳሳየው፣ ተራ የፍሬን ጎማ በረጠበ የብረት ቸርኬ ላይ የሚይዘው በደረቁ ከሚይዘው ከአሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በክረምት ሲላቁጥ ደግሞ በእርካቡና በቸርኬው መካከል ይጠቀጠቃል። ዝናብ ላይ የሚነዳ ሰው ከሩቁ ፍሬኑን በስሱ ይዞ ቸርኬውን ማድረቅ፣ ጭቃውንም በየጊዜው መጥረግ አለበት። ግን የሽቦ ፍሬንም በዚያው የብረት ቸርኬ ላይ ከተገጠመ ከዚህ አያመልጥም። ፍሬን በመለወጥ ዝናብን አሸንፋለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ቸርኬውን ይለውጥ። ጭነት ይዞ የጎንደርን ቁልቁለት የሚወርድማ በዘንግ ፍሬን ባይተማመን አይፈረድበትም፤ ክርክሩ ስለ ሜዳው ነው።

በሱዳን ጦርነቱ ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ዕቃ ከካርቱም ይመጣል ብሎ መቀመጥ አይቻልም። ህንድና ቻይና ግን ይህን ብስክሌት ዛሬም ይሠራሉ፤ የፍሬን ጎማውም ከጭብጥ የማይበልጥ ጓዝ ነው። የገዳሪፍና የመተማ የመለዋወጫ ነጋዴዎች ከከመነዳሪና ከካቴና ጎን ጥቂት ደርዘን ቢያስቀምጡ፣ ጠጋኙም ከመንቀል ይልቅ መቀየርን ይመርጣል።