ቦሎ የሌለው ጋራዥ

አንድ የጭነት መኪና በዓመት አንድ ጊዜ ቦሎ ለማደስ ምርመራ ይገባል። ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱና ጎማው ይታያል። ምርመራው የቱን ያህል ጠበቅ ያለ ነው የሚለው ሌላ ወሬ ነው፤ ቢያንስ ግን መኪናውን የሚያይ ዓይን አለ። ያንኑ መኪና ፈቶ የሚገጥመውን ጋራዥ ግን እንዲህ ያለ ዓይን ብዙም አያየውም። ንግድ ፈቃዱን ሲያሳድስ ግብሩን መክፈሉ ይጣራል። በክሪክ ያነሳውን መኪና በምን እንደሚደግፍ፣ የከባድ መኪና ጎማ የት እንደሚነፋ የሚጠይቀው ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ይህ ችግር የትም ከተማ አለ። የደቡብ ኦሞዋ ጂንካ ላይ ግን ይብሳል፤ ምክንያቱም ጂንካ የሚደርሰው መኪና አብዛኛውን ጊዜ ተደብድቦ ነው የሚደርሰው። ከኮንሶ ተነስቶ የወይጦን ሐሩር አቋርጦ በቀይ አፈር በኩል የሚመጣ ጭነት አለ። በዲመካና በቱርሚ አድርጎ ከኦሞራቴ የሚመለስ አለ። ወደ ሳላማጎ የሚወርደው ደግሞ የማጎን ቁልቁለት በፍሬን ሲታገል ይውላል። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እዚያው ጂንካ ላይ በተከበረው 13ኛው የአርብቶ አደሮች ቀን የታችኛው ኦሞን የመስኖና የስኳር ልማት ዕቅድ ሲያስተዋውቁ፣ አብሮት የሚመጣው የገልባጭ፣ የቦቴና የሎደር ብዛት በአካባቢው ታይቶ የማይታወቅ ነበር። የኦሞ ኩራዝ ስኳር ፋብሪካዎች ግንባታ፣ የመንገድ ሥራው፣ ኋላም የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ እየተከታተሉ መጡ። ጂንካ ያለችበት ክልል በነሐሴ 2015 እንደ አዲስ ሲዋቀር ደግሞ ከተማዋ ከቢሮ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆነች። መኪናው በዛ፤ የጋራዥ ሥራም አብሮ በዛ። የአሠራር ጥንቃቄው ግን አይሱዙ ብቻ ይጠገን በነበረበት ዘመን እንደቆመ ነው።

የጎማ ሥራን ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ካላማዳሪያ ያለው የከባድ መኪና ጎማ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ባለ ቀለበት ቸርኬ ላይ ነው። ጎሚስታው ወይም ለማጁ ቀለበቱን በመዶሻና በሌቫ ያወልቃል፤ ካላማዳሪያውን ይለጥፋል፤ መልሶ ይከትና ቀለበቱን እየደበደበ ቦታው ያስገባል። ከዚያ የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ይሰካል። የሚፈለገው ግፊት ከ7 እስከ 8 ባር ነው፤ ከቤት መኪና ጎማ ሦስት እጥፍ ገደማ። ቀለበቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ዝጎ ከሆነ፣ ቀለበቱ ራሱ ተጣሞ ከሆነ፣ ወይም ከሌላ ቸርኬ የመጣ ከሆነ፣ አየሩ ሲሞላ ቦታውን ይለቃል። በዚያች ቅጽበት የሚገፋው ኃይል ከአሥር ቶን በላይ ሊሆን ይችላል። ለማጁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ቀለበቱ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ እግሩ ረግጦት ነው።

አደጋውን በሥራው ያሉ ሰዎች አያውቁትም ማለት አይደለም። ያውቁታል። አንዳንዱ ቀለበቱን ወደ መሬት ደፍቶ ይነፋል፤ አንዳንዱ በሰንሰለት ይጠፍረዋል፤ ሌላው መኪናው ሥር አስገብቶ ይሞላዋል። ሁሉም ከምንም ይሻላል ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ደፍቶ መንፋት ግን ቸርኬውን ራሱን ወደ ላይ ያስፈነጥረዋል። መፍትሔው ከታወቀ 40 ዓመት አልፎታል። አሜሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ባለ ቀለበት ቸርኬ የሚነፋው ከወፍራም ብረት በተሠራ ፍርግርግ ውስጥ ነው፤ ጎማው ከመፈታቱ በፊት በቫልቩ ውስጥ ያለችው ትንሽ መርፌ ወጥታ አየሩ ተሟጥጦ መውጣት አለበት፤ ቱቦው ቫልቩን ራሱ ነክሶ የሚይዝና ረዘም ያለ ይሆናል፤ የሚነፋው ሰውም ቀለበቱ ሊበር ከሚችልበት አቅጣጫ ውጭ ይቆማል። ከነዚህ መካከል አንዱም ከውጭ ምንዛሪ ጋር የሚያጨቃጭቅ አይደለም። ፍርግርጉ በያጅ ባለበት ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ እርግጥ ለቤት መስኮት በሚሆን ቀጭን ፌሮ ሳይሆን ግፊቱን በሚችል ወፍራም ቱቦ። መርፌዋን ማውጣት ደግሞ ምንም ወጪ የለውም።

ሌላውም ከዚህ አይሻልም። መኪና በክሪክ ብቻ ተነስቶ ከሥሩ ሰው ይተኛል። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ዘይቱ ከለቀቀ አለቀ። የገልባጭ ሣጥን ከፍ ተደርጎ በብረት ሳይደገፍ ሲሊንደሩ ይፈታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን «ባዶ ነው» የምትባለው ቃል ናት። ባዶ የተባለ የነዳጅ ቦቴ ወይም በርሜል ውስጡ ተን ነው፤ ከሞላው ይልቅ ለፍንዳታ የሚመቸውም እሱ ነው። ውስጡ በደንብ ሳይታጠብና ሳይናፈስ ብየዳ ሲነካው ጋራዡን ይዞ ይሄዳል።

ቀስ ብሎ የሚገድለው ደግሞ ለማንም አይታይም። በጅማ ከተማ የጋራዥ ሠራተኞች ላይ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የ45 ሠራተኞችን ደም መርምሮ ነበር። የሁሉም የሊድ መጠን በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ሆኖ ተገኘ። ዝቅተኛው 11.73፣ ከፍተኛው 36.52 ነበር። አንድም ሰው ከ10 በታች አልነበረም። ባትሪ ሲፈታ፣ ራዲያተር ሲበየድ፣ አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የሚወጣው ሊድ በእጅ፣ በምሳ፣ በሲጋራ አድርጎ ይገባል። በዘይት የራሰው ቱታም ቤት ድረስ ተለብሶ ይሄድና ልጆች ይነኩታል። የፍሬን ሸራ አቧራ በኮምፕሬሰር ሲነፋ ደግሞ ሸራው አስቤስቶስ ያለበት ከሆነ ሳንባ ውስጥ የሚቀር ነገር ይወጣል። ጅማ ጂንካ አይደለችም። ነገር ግን ባትሪው፣ ራዲያተሩና እጅ መታጠቢያ የሌለው ግቢ ያው ናቸው።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራ ቦታውን ከአደጋ የመጠበቅ፣ ሠራተኛውን የማስተማር፣ የአደጋ መከላከያ የማቅረብ፣ የደረሰውንም አደጋ መዝግቦ የማሳወቅ ግዴታ አለበት ይላል። ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ነው። ከዚህ የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የጥንቃቄ መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሲሠራ ነው። እዚህ ላይ ጋራዦች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፦ መመሪያ ያልሰጠ አሠሪ ተጥሷል ብሎ ሊከራከር አይችልም።

ከዚህም የሚገርመው ስለ ለማጅ የተጻፈው ነው። በጡረታ ወይም በመድን ያልታቀፈ ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይካሳል። ለማጅ ሲሆን ስሌቱ የሚሠራው አሁን በሚያገኘው የሻይ ብር ሳይሆን፣ ሥልጠናውን ጨርሶ ባለሙያ ቢሆን ኖሮ ሊያገኝ በሚችለው ደመወዝ ነው። የባለሙያው ደመወዝ በወር 8 ሺህ ብር ነው ብንል ካሳው 480 ሺህ ብር ይመጣል። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርንም ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በሌሊትም ሆነ በትርፍ ሰዓት መሥራት የለበትም። በጋራዥ ግቢ ውስጥ ቁልፍ የሚያቀብለው ልጅ ይህን ሁሉ መብት ይዞ ነው የሚዞረው፤ ውል ስለሌለው ግን ሲጎዳ ወይ የዘመድ ልጅ ይባላል ወይ ራሱ ነው የመጣው ይባላል፤ ነገሩም በሽማግሌ ያልቃል።

ሁሉን በጋራዡ ባለቤት ላይ መቆለል ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ብዙዎቹ ራሳቸው ለማጅ ሆነው የጀመሩ፣ የግቢ ኪራይ የሚያስጨንቃቸው፣ መለዋወጫ በዱቤ የሚያመጡ ናቸው። ባለመኪናው ደግሞ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። የቅዳሜ ገበያ ሳያልፍበት መድረስ የሚፈልግ ነጋዴ «ቶሎ በል እንጂ፣ ጭነት ላይ ነኝ» እያለ ሰዓቱን ያያል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪው ይድረስ ቢባል እንኳ ዞኑ ሰፊ ነው፤ በየግቢው የሚዞር ባለሙያ ማሰማራት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ይህ ጸሐፊ ጋራዡ ውስጥ ደርሶ ነገር መለወጥ የሚችለው የተቆጣጣሪው እግር ሳይሆን የባለመኪናው ገንዘብ ነው ባይ ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ የልብስ ስፌት ሠራተኞች ሲያልቁ፣ በሀገሪቱ የሕንፃ ሕግ ቀድሞም ነበረ። ነገሩን የለወጠው ልብሱን የሚገዙት የውጭ ኩባንያዎች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የፈረሙት አስገዳጅ ስምምነት ነው። ፋብሪካው የተጠየቀውን ካላስተካከለ ትዕዛዙን ያጣል። ምርመራው የሠራው ከጀርባው ገንዘብ ስለነበረ ነው።

በደቡብ ኦሞ ትልልቆቹ ደንበኞች ይታወቃሉ፦ የስኳር ፋብሪካዎቹ፣ የመንገድ ሥራ ተቋራጮች፣ የመንግሥት ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የእርዳታ ድርጅቶች። ጥገና በጨረታ የሚያሠራ መሥሪያ ቤት የጨረታ ሰነዱ ላይ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ፈቃድና የጨረታ ማስከበሪያ ይጠይቃል። እዚያው ላይ የጎማ መንፊያ ፍርግርግ፣ የመኪና መደገፊያ ብረት፣ የብየዳ መነጽር፣ እጅ መታጠቢያ፣ የሠራተኞች ውልና የአደጋ መዝገብ ቢጨመሩ ወረቀቱ የሚረዝመው በግማሽ ገጽ ብቻ ነው። ሥራውን ከመስጠቱ በፊትም አንድ ሰው ሄዶ ግቢውን ይይ። «ዋጋ ይጨምራል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ትንሽ ይጨምራል። አሁን ያለው ርካሽ ዋጋ ግን ርካሽ የሆነው የቀረውን ሒሳብ የለማጁ ጣትና ዓይን ስለሚከፍሉት ነው።

የጂንካ ሰው ስለ መከላከያ ዕቃ ምንነት ሰፊ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይደለም። በኅዳር 2018 የጤና ሚኒስቴር በከተማዋ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱን ሲያረጋግጥ በበሽታው ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎችም ነበሩበት። ያን ሰሞን ጓንት የሐኪም ቅንጦት አይደለም ብሎ መከራከር አላስፈለገም ነበር። መካኒኩ ግን ዛሬም ባዶ እጁን በናፍጣ ይታጠባል።

ከሁሉ ቀድሞ ሊጀመር የሚችለው ግን በማሠልጠኛ ኮሌጆች በኩል ነው። የአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች ለትብብር ሥልጠና በየጋራዡ ይመደባሉ፤ ጋራዡም ነጻ ጉልበት ስለሚያገኝ ይፈልጋቸዋል። ኮሌጁ ከጋራዡ ጋር የሚፈራረመው ስምምነት ላይ ሁለት ነገር ይግባ፦ ፍርግርግና መደገፊያ ብረት የሌለው ጋራዥ ሠልጣኝ አይመደብለትም፤ ሠልጣኝ ላይ የደረሰ ማንኛውም ጉዳት በዚያው ሳምንት ለኮሌጁ በጽሑፍ ይገለጻል። ይህ አዲስ አዋጅም የተለየ በጀትም አይጠይቅም፤ የሚቀጥለው ዙር ምደባ ከመውጣቱ በፊት የዲኑና የጋራዡ ባለቤት ፊርማ ይበቃዋል።