«ገና ይሠራል» የተባለ ገመድ

ድሮ በእሑድ ቀን ወደ እንጦጦ ማርያም ለሚወጣ ወጣት የሚያስፈልገው ብርቱ እግር ብቻ ነበር። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ግን በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ከዛፍ በላይ መሻገርም ከመዝናኛው አንዱ ሆኗል። ነገሩ በጎ ነው፤ ድፍረት ለወጣት ይገባዋል። ይሁን እንጂ ሰው ሕይወቱን በገመድ ላይ ሲጥል፣ ገመዱን ማን መረመረው ብሎ መጠየቅም ይገባዋል።

ለዚህ አስረጅ የሚሆኑ ሁለት አደጋዎችን ከውጭ አገር እናቅርብ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጁላይ 14 ቀን 1865 ኤድዋርድ ዊምፐርና ስድስት ጓደኞቹ በስዊስና በኢጣልያ ወሰን ላይ ያለውን፣ 4478 ሜትር ከፍታ ያለውን የማተርሆርን ተራራ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። ሲወርዱ አንደኛው ተንሸራተተና በገመድ የተሳሰሩትን ጓደኞቹን ጎተተ፤ ገመዱም ተበጥሶ አራቱ ሞቱ። ዊምፐር በኋላ እንደ ገለጸው፣ የተበጠሰው ይዘዋቸው ከነበሩት ገመዶች ሁሉ ደካማው ነበር፤ ብርቱው ገመድ ግን ሳይሠራበት ቀርቶ ነበር።

ሁለተኛው አደጋ የደረሰው በዚያው አቈጣጠር ኦክቶበር 23 ቀን 2006 ነው። ገደል በመውጣት ስመ ጥሩ የነበረው አሜሪካዊ ቶድ ስኪነር በካሊፎርኒያ በዮሰሚቲ በገመድ ሲወርድ ወድቆ ሞተ። የተበጠሰው ገመዱ አልነበረም፤ የወገብ መታጠቂያው ከገመዱ ጋር የሚያያዝበት የጨርቅ ቀለበት ነበር። አዲስ ሳለ ከ1000 ኪሎ በላይ ሊሸከም የሚችለው ይህ ቀለበት በመፋተግ ብዛት ሳስቶ ነበር። ጓደኛው ማርጀቱን አይቶ ነግሮት፣ እሱም አዲስ ማዘዙን መልሶለት ነበር።

እንግዲህ ሁለቱንም አደጋዎች ስንመለከት፣ ዕውቀት አልጎደለም፤ የተሻለ ዕቃም አልጠፋም። የጎደለው «ይህ ከዛሬ ጀምሮ አይሠራበትም» ብሎ መጣል ነው። ያረጀ ጫማ አስጠግኖ መጫማት በእኛ ዘንድ የተመሰገነ ቁጠባ ነው፤ ጫማው መንገድ ላይ ቢቀደድ ባለቤቱ በባዶ እግሩ ቤቱ ይገባል። ገመድ ግን እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም። የናይሎን ገመድ በፀሐይ ይደክማል፤ በስለታም ድንጋይ ይቆረጣል፤ የባትሪ አሲድ የነካው ደግሞ በዓይን ሲታይ ደኅና መስሎ ውስጡ ሊሞት ይችላል። ስለዚህም ብዙ ፋብሪካዎች ገመዱ ባይሠራበት እንኳ ከ10 ዓመት በኋላ እንዲጣል ያዛሉ።

ይህ ጥንቃቄ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በትግራይ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል ቁመት ያለውን ገደል በጠፍር ገመድ ይወጣል፤ ሌላ ጠፍር ደግሞ በወገቡ ታስሮ ከላይ ይያዝለታል። አንዱ ቢከዳ ሌላው ያድነዋል።

ከዚህም የተነሣ፣ በመዝናኛ ቦታም ሆነ ሠራተኛ በገመድ ተንጠልጥሎ የፎቅ መስተዋት በሚያጥብበት ሁሉ፣ እያንዳንዱ ገመድና መታጠቂያ የተገዛበትና የተመረመረበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ እንላለን። ከሁሉም በላይ፣ ዕቃውን የመጣል ሥልጣን ገንዘብ ለሚቆጥረው ሳይሆን ለመርማሪው ይሰጥ። በየመሥሪያ ቤቱ ፊርማቸውን ማኖር የጀመሩ ወጣት ባልደረቦቻችንም «ገና ይሠራል» የሚል ወረቀት ሲቀርብላቸው፣ ከመፈረማቸው በፊት ወርደው ዕቃውን በእጃቸው ይዳስሱት።